የሥራ ልምድ ደብዳቤ ምጽዋት አይደለም



ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ መስጂድ ቢሮ ጎራ የሚሉ ወጣቶች ጉዳይ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተለውጧል። ቀድሞ የሚበዛው ስለ ኒካሕ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ዘካ የሚጠይቅ ነበር። አሁን ግን ከቦሌ ሚካኤል፣ ከገርጂ፣ ከጎሮ፣ ከሰሚት፣ ከአያት የሚመጣው ወጣት "ኡስታዝ፣ አሠሪዬ የሥራ ልምድ አልጽፍልህም ብሎኛል፤ የእርስዎን ቃል ይሰማል፣ አንድ ነገር ይበሉልኝ" ይላል። አብዛኛው ፋይል የሚያዘጋጀው ለካናዳ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ደብዳቤውን ማግኘት ሲያቅተው "በዚህ መስጂድ አስተማሪ ነበር ብላችሁ ጻፉልኝ" እስከ ማለት ይደርሳል። ይህን ሁለተኛውን አንጽፍም። የመጀመሪያውን ግን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

መጀመሪያ ሕጉን እንናገር፤ ምክንያቱም ወጣቱም አሠሪውም ደብዳቤውን እንደ ውለታ ነው የሚያዩት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 የአሠሪን ግዴታዎች ይዘረዝራል። ከነዚያ አንዱ፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ከሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ላይም ነበረ። "በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ" የሚለውን ልብ በሉት። እየሠራህ እያለም መጠየቅ ትችላለህ። ካናዳ ልትሄድ ነው፣ ሌላ ድርጅት ልትቀጠር ነው፣ ወይስ ለራስህ ማስታወሻ ፈልገኸው ነው የሚለው አሠሪውን አይመለከተውም።

ታዲያ ለምን ይከለከላል? የሚነገረው ምክንያት "ወረቀቱን ከሰጠሁት ይሄድብኛል" የሚል ነው። ሌላው "ክሊራንስ ሳትጨርስ" እያለ ያመላልሳል። ከብዙ አሠሪዎች ጋር ቁጭ ብለን ስንነጋገር ያየነው ግን ከነዚህ በታች የተቀበረ ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱም ፔሮሉ ነው። በወረቀት ላይ የተመዘገበው ደመወዝ በእጅ ከሚሰጠው ያንሳል። አሠሪው እውነተኛውን ደመወዝ በፊርማና በማህተም ከጻፈ፣ ለግብር ካሳወቀው ጋር ይጋጭበታል። ያሳወቀውን ከጻፈ ደግሞ ልጁ "እኔ የሚከፈለኝ ይህ አይደለም" ይላል። ስለዚህ ምንም አለመጻፍን ይመርጣል። ልጁ ባልሠራው የሒሳብ መዝገብ የልጁ ዓመታት ይታሰራሉ።

አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ጋር በሽምግልና ሄደን ነበር፤ ስም አንጠራም። የአክስቱ ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ የሱቁን ሒሳብ ይዞለታል፤ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ዕዳ ይመዘግባል፣ የባንኩን ከመዝገቡ ጋር ያስታርቃል። ነጋዴው "ከአገር ቤት ያመጣሁት እኔ፣ ያበላሁት እኔ፣ ሥራ ያስተማርኩት እኔ፤ አሁን ደግሞ ወረቀት ጽፌ ልሸኘው?" አለን። ያበላው እውነት ነው። ግን ልጁም ስድስት ዓመት አብልቶታል፤ ይህንን በፊቱ ነገርነው። ሁለት ጊዜ ያለ ውጤት ተመለስን። በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ የፔሮሉን ነገር አነሳ፤ ያኔ ነው እውነተኛው ወሬ የተጀመረው። ደብዳቤውን በትክክለኛው ደመወዝ ጻፈ፤ የፔሮሉን ማስተካከያ ደግሞ ከሒሳብ ባለሙያው ጋር ጀመረ።

ነጋዴዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስቡልን እንወዳለን። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም አይደለም፤ ብድርን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። ጸሐፊ እንዲጽፍ ሲጠየቅ እንቢ እንዳይል የታዘዘውም እዚያው ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ የብድር ሰነድ አይደለም፤ ግን አሠሪው ብቻ የሚያውቀው ምስክርነት ነው። ያየውን ምስክርነት የደበቀ ሰው "ዝም አልኩ እንጂ ምን አጠፋሁ" ሊል አይችልም።

አሁን ደግሞ ደብዳቤው ሲጻፍ የሚሆነውን እንይ። አገራችን የተለመደው ባለ ሦስት መስመር ነው፦ ለሚመለከተው ሁሉ፣ አቶ እገሌ ከዚህ እስከዚህ በድርጅታችን ሲሠሩ የቆዩ ታታሪና መልካም ሥነ ምግባር ያላቸው ሠራተኛ መሆናቸውን እንገልጻለን፣ ማህተም። ለሰፈር ይበቃል። ለካናዳ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ግን አይበቃም። እዚያ የሚጠየቀው የድርጅቱ አርማና አድራሻ ባለው ወረቀት ላይ ስልክና ኢሜይል፣ የሥራ መደቡ፣ ዋና ዋና ተግባሮቹ፣ የጀመረበትና የጨረሰበት ቀን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ዓመታዊ ደመወዙና ጥቅማ ጥቅሙ፣ በመጨረሻም የቅርብ አለቃው ወይም የሰው ኃይል ኃላፊው ስም፣ ማዕረግና ፊርማ ነው። ሰዓቱ ለጌጥ የሚጻፍ አይደለም። በፌዴራል ስኪልድ ወርከር በኩል የሚያመለክት ሰው ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ያልተቋረጠ የአንድ ዓመት፣ ማለትም በሳምንት 30 ሰዓት ሒሳብ 1,560 ሰዓት ልምድ ማሳየት አለበት።

የሥራ መደቡም ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ካናዳ ሙያዎችን የምትለይበት ዝርዝር አላት፤ ለኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚቆጠሩት ከደረጃ 0 እስከ 3 ያሉት ናቸው። የሱቅ ሻጭ ደረጃ 4 ላይ ነው። ሒሳብ መዝጋቢ ደረጃ 2 ላይ ነው። ያ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ልጅ በልማድ "ሻጭ" ተብሎ ቢጻፍለት ኖሮ ስድስት ዓመቱ ውኃ በልቶት ነበር፤ የሠራው ግን የሒሳብ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ሸይጣን በሌላው በር ይገባል፦ ሻጭ የነበረው "እኔንስ ማናጀር ብላችሁ ጻፉልኝ" ይላል። የሠራኸውን ማስጻፍ መብትህ ነው፤ ያልሠራኸውን ማስጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የካናዳውን የሙያ መግለጫ ቃል በቃል ገልብጦ ማስፈረምም አይጠቅምም፤ ፋይሉን የሚያየው ሰው ያንን ዝርዝር ከኛ በላይ ያውቀዋል። በራስህ ቃል፣ በእውነት የሠራኸውን አስቀምጥ።

ሁለት ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ፋይል ያበላሻሉ። አንዱ ዘመን አቆጣጠር ነው። ደብዳቤው በአማርኛ "ከመስከረም 1 ቀን 2012" ካለና ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ካሻገረው፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 የጀመርከው ሥራ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከ10 ዓመቱ ውጪ ይወድቃል። ደብዳቤው ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ቢጻፍ፣ ቀኑም በፈረንጆቹ ቢሆን ይሻላል፤ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ የተረጋገጠ ትርጉም ያስፈልገዋል። ሌላው ስም ነው። ሱቁ "አብዱ" ብሎ ነው የሚያውቅህ፤ ፓስፖርቱ ዐብዱረሕማን ይላል። ሙሐመድ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል የሚጽፉበት መንገድ ስንት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ! በፓስፖርት እንዳለው፣ ፊደል በፊደል። የሚጻፈው ስልክም አንተን በሚያውቅ ሰው እጅ ያለ ይሁን። ከሌላ አገር ተደውሎ አዲስ የተቀጠረች ልጅ "እንደዚህ የሚባል የለም" ብላ ብትዘጋው ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ደቂቃ ያበቃል።

ወደ ሐሰተኛው ደብዳቤ እንምጣ። ቦሌና መገናኛ ዙሪያ ሕንፃ ላይ ወጥተህ "ፕሮሰስ" ካልክ፣ ማህተሙንም አርማውንም ሰባት ዓመት ልምዱንም የሚሸጥልህ ደላላ አታጣም። የጓደኛህ ድርጅትም "ችግር የለውም" ብሎ ሊፈርምልህ ይችላል። በካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ የሐሰት ማስረጃ ያቀረበ ሰው ለ5 ዓመት ይታገዳል፤ የውሸቱ ታሪክም በስሙ ይቀመጣል። በኛም አገር ሰነድ ማስመሰል በወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። በዲናችን ደግሞ የሐሰት ምስክርነት፣ ሸሃደተ ዙር፣ ከከባባዶቹ ወንጀሎች የሚቆጠር ነው፤ የሚፈርመውም ጓደኛ እዚያው ውስጥ ነው። ነገር ግን ጣታችንን ወጣቱ ላይ ብቻ ቀስረን ብንቀመጥ ፍትሕ አይሆንም። ስድስት ዓመት በሐላል ሠርቶ እውነተኛ ወረቀት የተከለከለ ልጅ ነው ደላላው ደጅ የሚቆመው። የደላላውን ገበያ የሚያደምቀው፣ እውነተኛውን የሚከለክለው አሠሪ ነው። ሁለቱም ዙልም ነው፤ እኛ የምናየው ግን የሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው እንደሚወለድ ነው።

"መስጂዱ ወጣቱን ለስደት ያግዛል ወይ?" የሚሉን አሉ። አገር ውስጥ የሚቀረውም ወጣት እኮ ይህንኑ ወረቀት ይፈልጋል፤ ባንክ ለመቀጠር፣ ጨረታ ለመወዳደር፣ ከሱቅ ወደ ድርጅት ለመሻገር። ደብዳቤ ከልክሎ ያስቀረው ልጅ ደግሞ በልቡ ሄዷል፤ ሱቅ ውስጥ የቀረው እጁ ብቻ ነው።

አሁን ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ለመሄድ ያሰባችሁም ያላሰባችሁም፣ ወረቀታችሁን ከዛሬ ጀምሩ። "አጎቴ ነው፣ ምን ውል ያስፈልጋል" የሚለውን ተዉት፤ የዘመድ ሥራ ውል የበለጠ ያስፈልገዋል። ደመወዛችሁ በእጅ ሳይሆን በባንክ እንዲገባ ጠይቁ። የጡረታ ምዝገባ ይኑራችሁ፤ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚገባው መዋጮ የሥራ ዘመናችሁን የሚመሰክር መዝገብ ነው። መታወቂያውን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ የዕድገት ደብዳቤውን አትጣሉ። ባሕር ማዶ፣ ሳዑዲም ሆነ ዱባይ፣ በድርጅት ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ሸሃደተል ኺብራችሁን አገር ቤት ከመመለሳችሁ በፊት በእጃችሁ አድርጉ፤ ከዚህ ሆኖ ከፊል ጋር በስልክ መሟገት አድካሚ ነው።

አሠሪው አሁንም እንቢ ካለ በቃል ብቻ አትመላለሱ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፣ በቀሪው ላይ "ደርሶኛል" ብሎ እንዲፈርም አድርጉ። ካልፈረመም በሪኮማንዴ ላኩት። ከዚያ የክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አለ፤ አንቀጽ 12ን ይዛችሁ ሂዱ። ያ ሁሉ ሆኖ ደብዳቤው ካልተገኘ፣ የካናዳው ፋይል ላይ ለምን እንዳልተገኘ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከባንክ መግለጫው፣ ከውሉና ከጡረታ መዝገቡ ጋር ይያያዛል፤ ውሳኔው የሚያየው ሰው ነው። የጠየቃችሁበት ቀሪ ወረቀት ያኔ ይፈለጋል፤ ኮፒውን ቤት አስቀምጡት።