ለልጅ ልጅ ልብስ ስለ መግዛት

ሰው ዕድሜው ገፍቶ የልጁን ልጅ ለማየት ሲበቃ ከሚያገኛቸው ደስታዎች አንዱ ለሕፃኑ ልብስ መግዛት ነው። ነገሩ ለተመልካች ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በቁም ነገርና በጭምትነት የኖሩ ሽማግሌ ከሱቅ ፊት ቆመው፥ ስንዝር የማትሞላ እጀ ጠባብ በመዳፋቸው ላይ ዘርግተው ብቻቸውን ፈገግ ሲሉ ያየ ሰው፥ ደስታው ትንሽ አለመሆኑን ያስተውላል።

አባትና እናት ለልጃቸው ልብስ የሚገዙት በብዙ አሳብ ነው። የቤት ኪራዩ፥ ቀለቡ፥ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ሁሉ አብሮ ይታሰባል፤ ስለዚህ «ያድግበታል» ብለው ሰፋ ያለውን ይመርጣሉ። ይህም የሚመሰገን ጥንቃቄ ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። አያቶች ግን ይህን ሸክም ቀድሞ ለልጆቻቸው ተሸክመውታልና፥ ለልጅ ልጅ ሲገዙ የልባቸውን ሊመርጡ ይቻላቸዋል።

ሕፃን ሲወለድ ቁመቱ 50 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ዓመት ሲሞላው 75 ያህል ይደርሳል፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ 12 ያህል ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ረጋ ይላል። እንግዲህ ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ለክርስትና የለበሱት ልብስ ለልደታቸው ዓመት እንደማይበቃቸው የታወቀ ነው። የሳሙኤል እናት ሐናም ለልጇ ትንሽ መደረቢያ በየዓመቱ እየሠራች መውሰዷ ስለዚሁ ነው፤ ልጅ በየዓመቱ ሌላ ነውና።

ስለዚህ ለአያቶች የምንመክረው፥ ለዛሬው ቁመት የሚሆነውን እንዲገዙ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ትለብሰዋለች ተብሎ በሣጥን የተቀመጠ ቀሚስ፥ ልጅቱ በምትለብሰው ቀን ገዢው ቆሞ ለማየቱ ዋስትና የለውም። ይህን ማለታችን ለማሳዘን አይደለም፤ ደስታ በጊዜው እንዲበላ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረትም ምክሩ ይኸው ነው።

በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው በሽሮ ሜዳ ገበያ፥ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች የሠሩት ጥለት ያለው የሕፃናት ቀሚስ ለእንቍጣጣሽና ለጥምቀት በብዛት ይሸጣል። ወደዚያ የሚሄዱ አያት አስቀድመው ክር ወስደው ከሕፃኑ ትከሻ እስከ ቍርጭምጭሚቱ ይለኩ፤ ክሩንም ቈርጠው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይሂዱ። ነጋዴ ስለ ዕድሜ ቢጠይቅ፥ በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች ቁመታቸው አንድ አይደለምና፥ ከመልሱ ይልቅ ክሩ ይታመናል።

ከጌጡም በፊት መታየት የሚገባው አለ። በአንገት ዙሪያ የሚታሰር ገመድ ሕፃንን ሊያንቅ ይችላል፤ በቀላሉ የሚነቀል ቍልፍና ዶቃ ወደ አፍ ይገባል፤ እግርን ያለፈ ቀሚስ ለሚድህ ልጅ መሰናከያ ነው፥ ከቡና ከሰል አጠገብም እሳት ይይዛል። አዲስ ልብስ ሳይታጠብ አይለበስ።

ደግሞም የሕፃኑን እናት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የሚጐድለውን የምታውቀው እርስዋ ናትና፥ አያት አራተኛ ቀሚስ ሲመርጡ ቤት ውስጥ የጠፋው የሌሊት ልብስ ሊሆን ይችላል። ሳይጠየቁ የመጣ ብዙ ስጦታ፥ «አልበቃችሁትም» የሚል ነቀፋ ሆኖ በምራት ወይም በአማች ልብ ሊቀር ይችላል።

የልጅ ልጆች ብዙ ከሆኑ፥ ያዕቆብ ለዮሴፍ ብቻ ያለበሰው ቀሚስ በወንድሞቹ መካከል ያመጣውን መዘንጋት አይገባም። ገንዘቡ ለአንዲት ብቻ ያማረ ጥበብ የሚገዛ እንደ ሆነ፥ በእርሱ ለሁሉም ተራ ልብስ ገዝቶ መግባት ይሻላል፤ ሕፃናት የጨርቁን ዋጋ አያውቁም፥ ማን እንደ ተረሳ ግን ወዲያው ያውቃሉና።