የተሰጣቸውን ዋስትና ያልተቀበሉት ምሁር

የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የባለአደራ ቦርድ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2021 በ9 ለ4 ድምፅ ለጋዜጠኛ ኒኮል ሃና ጆንስ የዕድሜ ልክ የመምህርነት ዋስትና ሰጠ። ከስድስት ቀናት በኋላ ተሸላሚዋ ጋዜጠኛ ዋስትናውን እንደማይቀበሉ አስታወቁ። ለወራት ሲያከራክር የቆየው ነገር በእጃቸው ከገባ በኋላ ስለምን ተዉት?

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ዋስትና ቴኑር ይባላል። ያገኘ መምህር በቂ ምክንያት ሳይቀርብበትና ሥርዓቱ ሳይጠበቅ ከሥራው አይነሳም፤ የጻፈው ነገር ባለሀብትን ወይም ፖለቲከኛን ቢያስቆጣ እንኳ። በእኛ አገር የይዞታ ደብተር ያለው ገበሬና መሬት ለጥቂት ዓመታት ተኮናትሮ የሚያርስ ሰው ጎን ለጎን ሊያርሱ ይችላሉ። ዛፍ የሚተክለውና እርከን የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ግን ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ሃና ጆንስ በ1976 በአዮዋ ግዛት ዋተርሉ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ነጮች ወደሚበዙበት ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ይመላለሱ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ስለ ጥቁር ተማሪዎች አይጽፍም ብለው ለመምህራቸው ቢያማርሩ፣ እንግዲያውስ ገብተሽ ጻፊ ተባሉ፤ ገቡም። ቅሬታው የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም። መንግሥት ያቋቋመው የከርነር ኮሚሽን በ1968 ባወጣው ሪፖርት በአገሪቱ የዜና ክፍሎች ውስጥ ጥቁሮች ከ5 በመቶ በታች መሆናቸውን ገልጿል። የጋዜጣ አዘጋጆች ማኅበርም በ1978 የሠራተኞቹን ስብጥር እስከ 2000 ድረስ ከሕዝቡ ጋር ለማመጣጠን ቃል ገብቶ ነበር፤ አልተሳካለትም።

በ2019 ኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት በእርሳቸው ሐሳብ አመንጪነት የአሜሪካን ታሪክ ባሪያዎች ቨርጂኒያ ከደረሱበት ከ1619 ጀምሮ የሚተርክ ልዩ እትም አወጣ። አምስት የታሪክ ምሁራን የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጋዜጣውም በ2020 አንድ አከራካሪ ዐረፍተ ነገር አለዘበ። በዚያው ዓመት ሃና ጆንስ በመግቢያ ጽሑፋቸው የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ።

በ2003 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ በናይት ፋውንዴሽን ስም ለተሰየመው ወንበር ሲመርጣቸው፣ ከእርሳቸው በፊት የተቀመጡበት ነጮች ያገኙትን ቴኑር ሳይሰጥ የአምስት ዓመት ውል አቀረበላቸው። መምህራኑ ደግፈዋቸው ነበር፤ ነገሩን ያዘገየው ቦርዱ ነው። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቱ በስማቸው የተሰየመላቸውና 25 ሚሊዮን ዶላር ለመለገስ ቃል የገቡት የጋዜጣ ባለቤት ዋልተር ሃስማንም ሥጋታቸውን ለኃላፊዎቹ ጽፈዋል። ለጋሽ አስተያየት ቢሰጥ አይደንቅም። የሚያሳስበው ግን የለጋሽና የፖለቲካ ሹመኞች ቅሬታ የመምህራንን ምዘና ማስቆም መቻሉ ነው።

ሃና ጆንስ በዋሽንግተን ወደሚገኘው፣ በታሪክ የጥቁሮች ወደሆነው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አቀኑ። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት፣ ኃይሌ ገሪማም ሲኒማ ያስተማሩበት ተቋም ነው። 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ድጋፍ ተከተላቸው፤ ቴኑርም ተሰጣቸው። በእኔ ግምት ውሳኔው ለእርሳቸው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የጥቁር መምህራን ቁጥር አነስተኛ በሆነበት ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች መምህር አጡ።

ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ዞሯል። በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተማሪዎች ቅበላ ዘርን ከግምት ማስገባትን ሲከለክል፣ ከተከሳሾቹ አንዱ ይኸው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነበር። በሜይ 2024 የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲዎች የበላይ ቦርድ የብዝኃነት ፖሊሲውን ሻረ፤ በ2025 መጀመሪያም ፕሬዚዳንት ትራምፕ መሰል ፕሮግራሞችን የሚቃወሙ ትእዛዞችን ፈረሙ።

ሃዋርድም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ ነፃ አልነበረም። በማርች 2022 በጊዜያዊ ውል የሚያስተምሩ መምህራኑ ከሰባት ዓመት በላይ እንዳይቆዩ የሚያግደውን ደንብና ዝቅተኛ ክፍያቸውን ተቃውመው የሥራ ማቆም አድማ ሊመቱ ተዘጋጁ። ስምምነት የተደረሰው በአድማው ዋዜማ፣ ሰዓታት ሲቀሩ ነበር።