የበርሜሉ ከበሮ

በዚህ ዓምድ ስለ ሩቅ አገር ሕዝቦች ኑሮ እንጽፋለን። ዛሬ ወደ ትሪኒዳድ እንሻገር። ትሪኒዳድ በካሪቢያን ባሕር ያለች ደሴት ናት። ደሴት ማለት ዙሪያዋን ውሃ የከበባት ምድር ናት። ዋና ከተማዋ ፖርት ኦፍ ስፔይን ትባላለች። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቅበላን ታውቁታላችሁ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሥጋው፣ ቅቤው፣ ጠላው አይቀርም። በፖርት ኦፍ ስፔይንም ቅበላ አለ። እነሱ ካርኒቫል ይሉታል። ጾማቸው የሚገባው ረቡዕ ስለሆነ ዋናው በዓል ሰኞና ማክሰኞ ነው። ሰኞ ገና ሳይነጋ ሕዝቡ ጭቃና ቀለም ተቀብቶ፣ አንዳንዱም ሰይጣን መስሎ መንገዱን ይሞላዋል። ማክሰኞ ደግሞ በላባና በሚያብረቀርቅ ልብስ አጊጦ ቀኑን ሙሉ ይጨፍራል።

ታዲያ እንዲያው የጥጋብ ጭፈራ እንዳይመስላችሁ።

ድሮ በደሴቲቱ ሰፋፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበር። ባለርስቶቹ ፈረንጆች ናቸው። የሚያርሱት፣ የሚቆርጡት ግን ከአፍሪካ ተይዘው የተሸጡ ባሮችና ልጆቻቸው ነበሩ። ቅበላ ሲደርስ ጌቶቹ ፊታቸውን በጭንብል ሸፍነው በየአዳራሹ ይደንሳሉ። ባሪያ እዚያ ድርሽ አይልም። እንዲያውም ከጌቶቹ አንዳንዱ እንደ ባሪያ ለብሶ ያላግጥ ነበር።

የአገዳ ማሳ በእሳት ሲያያዝ ባሮቹን ከየእርሻው በጅራፍ እየነዱ ያመጧቸዋል። የተቃጠለ አገዳ ቶሎ ካልተቆረጠና ካልተጨመቀ ይበላሻል። ስለዚህ በችቦ ብርሃን ሲቆርጡ ያድራሉ። ባርነት ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1838 ነው። ነጻ የወጣው ሕዝብ ምን አደረገ መሰላችሁ? ያንኑ የመከራ ሌሊት በዓል አደረገው! ችቦ አብርቶ፣ ከበሮ እየመታ፣ ዱላውን ይዞ እየዘፈነ ወጣ። ስሙንም ካንቡሌ አለው። የተቃጠለ አገዳ ማለት ነው። ውሎ አድሮም የቅበላው መክፈቻ ሆነ።

ደሴቲቱን በዚያን ጊዜ የሚገዙት እንግሊዞች ናቸው። ከበሮውም ችቦውም አላማራቸውም። በ1881 ካፒቴን ቤከር የሚባል የፖሊስ አዛዥ ሰልፉን ሊበትን ወጣ። ሕዝቡም በዱላ፣ በድንጋይና በጠርሙስ ገጠመው። አገረ ገዥው ሕዝቡን አነጋግሮ ፖሊሶቹን ወደ ሰፈራቸው ከተታቸው። ነገሩ ግን በዚህ አልበረደም። በ1884 ችቦውም ከበሮውም በሕግ ታገደ።

ሕዝቡ ዝም አላለም፤ ቀርቀሃ ቆረጠ። ወፍራሙን፣ ቀጭኑን፣ ረጅሙን፣ አጭሩን። መሬት ላይ ሲወቅጡት የእያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻ ነው። ቀርቀሃ ደግሞ ከበሮ አይደለም! በ1930ዎቹ ዓመታት ወደ ቆርቆሮ ዞሩ። የብስኩት ጣሳ፣ የቀለም ጣሳ፣ የቆሻሻ መጣያ ክዳን መቱ። በመጨረሻም የነዳጅ በርሜል ያዙ። ትሪኒዳድ ነዳጅ የሚወጣባት አገር ናትና ባዶ በርሜል አይጠፋም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የበርሜሉን ቂጥ በመዶሻ እየቀጠቀጡ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያሰምጡታል። የየድምፁን ቦታ ምልክት ያደርጉበታል። ከጎኑ ይቆርጡታል፤ ለቀጭን ድምፅ አጭር፣ ለወፍራም ድምፅ ረጅም አድርገው። ከዚያ በእሳት ያሞቁታል። ቀጥሎ ጆሮው የሰላ ሰው በትንሽ መዶሻ መታ መታ እያደረገ ድምፁን ያቃናዋል። የሚመቱት ጫፉ ላይ ጎማ በተጠቀለለበት እንጨት ነው። ስሙ ፓን ይባላል። ከመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች መካከል የዊንስተን ሳይመንና የኤሊ ማኔት ስም ይነሳል። የተጣለ በርሜል እንደ ክራር ዜማ ያወጣል ቢሉን እኛም ባልሰማን ኖሮ አናምንም ነበር።

መጀመሪያ ግን ባለገንዘቡ ናቀው። ፓን መቺ እንደ ዱርዬ ይታይ ነበር፤ ፖሊስም ያሳድደው ነበር። በ1951 አንድ የፓን ቡድን ለንደን ሄዶ ሲመታ ሰሚው ተደነቀ። አገሪቱ በ1962 ነጻ ወጣች። በ1992 ፓን የአገሪቱ ብሔራዊ የሙዚቃ መሣሪያ ተባለ። በ2023 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ነሐሴ 5 ቀን የዓለም የፓን ቀን እንዲሆን ወሰነ።

ከመቺዎቹ ብዙዎቹ የዜማ ጽሕፈት አያነቡም። ማታ ማታ በሰፈራቸው ግቢ ይሰበሰባሉ። መቶ ያህል ሰው አንድ ረጅም ዜማ በቃሉ አጥንቶ፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም ይመታል። ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ዛሬ ሕዝቡን የሚያነጋግር ሌላ ነገር አለ። የማክሰኞው ልብስ ውድ ነው። የከፈለው በገመድ ተከልሎ ይጨፍራል። ያልከፈለው ከገመዱ ውጪ ቆሞ ያያል። ከዚያ ሁሉ ትግል በኋላ የገመድ መምጣት ለእኛ አልተዋጠልንም። ሰኞ ንጋት ላይ ግን ጭቃ የተቀባውን ሰው ድሃ ይሁን ሀብታም መለየት ያስቸግራል።

ማክሰኞ እኩለ ሌሊት ላይ በዓሉ ያበቃል። ረቡዕ ምእመናኑ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ግንባራቸውን አመድ ይቀባሉ።