የመርጫው ዕቃ ከምን ተሠራ?

በተክለ ሃይማኖትና በሶማሌ ተራ አካባቢ የብዙ ቤት እንጀራ ከመኪና ነው። አንዱ መለዋወጫ ይሸጣል፣ አንዱ ጎማ ይጠግናል፣ አንዱ መኪና ያጥባል። መኪና የሚያጥበው ልጅ ታዲያ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ማጠቢያውንም ይዞ ይገባል። ቤታችን ጠባብ ነው። ማጠቢያው የሚያድረው አልጋ ሥር ወይም ከውሃ ጀሪካኑ ጎን ነው፤ የልጅ ልጅ የሚድህበት ቦታ ማለት ነው።

የዛሬውን ጉዳይ ያመጡልኝ አንዲት የሰፈሬ እናት ናቸው። ልጃቸው ለቸርኬ፣ ለመስታወትና ለክሩስኮት የሚረጨውን ፈሳሽ በጀሪካን ገዝቶ በትንንሽ መርጫ ይከፋፍላል። «ሲስተር፣ አንዱ መርጫ ከሥሩ ነጥቶ ተሰነጠቀ፤ ሌላው እጁ ላይ ያንጠባጥባል። የትኛውን ፕላስቲክ ልግዛለት?» አሉኝ። ጥያቄው የሱቅ ይመስላል እንጂ የጤና ነው።

መርጫውን ገልብጡና ሥሩን እዩ። ብዙ ጊዜ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ የጥራት ደረጃ አይደለም፤ ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ነው የሚናገረው። ጥርት ብሎ ብርጭቆ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ ቁጥር 1 ነው። ሁላችንም «ሃይላንድ» የምንለው የውሃ ፕላስቲክ የዚሁ ዘር ነው። ለሳሙና ውሃና ለመስታወት ማጽጃ ያገለግላል። ኃይለኛው የግሪስ ማስለቀቂያ ግን፣ በተለይ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት፣ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ይነጣል፣ ይደርቃል፣ አንድ ቀን ሲጨብጡት እጅ ላይ ይፈነዳል። የእናቲቱም ልጅ የገጠመው ይኸው ይመስለኛል።

ቁጥር 2 ወተት የመሰለ ወይም ባለ ቀለም፣ ውስጡ ጥርት ብሎ የማይታይ ነው። የበረኪና ዕቃና ጀሪካን ብዙ ጊዜ ከእርሱ ይሠራል። ኮስቲክ ሶዳውንም፣ በውሃ የቀጠነውን አሲድም፣ በረኪናውንም ይችላል። አንድ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ እርሱን እመርጣለሁ። ቁጥር 5ም መጥፎ አይደለም፤ የመኪና ባትሪ ገላ የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ነው፣ አሲዱን ችሎ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ቁጥር 3ንና 6ን ለዚህ ሥራ ተዉአቸው፤ ቲነር ሲነካቸው ይለሰልሳሉ፣ ይሟሟሉ።

«ታዲያ ጠርሙስ አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጠርሙስ መውደቁና መሰበሩ ይቅርና፣ አንዳንድ የቸርኬ ማጽጃ ውስጥ ሃይድሮፍሎሪክ የሚባል አሲድ አለ። ይህ አሲድ ብርጭቆ ይበላል። ቆዳ ላይ ሲፈስ ደግሞ ቀጠን ያለው ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ሰዓታት ቆይቶ ነው ሕመሙ የሚመጣው። እንዲህ ያለውን ከመጣበት ዕቃ ጨርሶ ባያወጡት ይሻላል።

ቤንዚን፣ ናፍጣና ነጭ ጋዝ ሌላ ጣጣ ናቸው። ሞተር ለማጠብ ብለው በመርጫ የሚረጩ ሰዎች አሉ። ይህ ዕቃ በመለወጥ የሚፈታ ነገር አይደለም። እንደ ጉም የተረጨ ነዳጅ መሬት ላይ ከፈሰሰው ይልቅ በቶሎ ይቀጣጠላል፤ ሲተነፍሱትም ሳንባ ይጎዳል። አይረጭ፣ አለቀ።

ሰዉ የሚያየው ፕላስቲኩን ብቻ ነው፤ ቀድሞ የሚበላሸው ግን የምንጫነው ራሱ ነው። ውስጡ ትንሽ ሞላና ጎሚኒ አለ። ሞላው ተራ ብረት ከሆነ በረኪናና አሲድ ያዝጉታል፤ ጎሚኒውን ዘይትና ነዳጅ ያሳብጡታል። እጅ ላይ ማንጠባጠብ የሚጀምረው ያኔ ነው። የልጁ መዳፍ ሲቆስልና ሲላጥ «ውሃ የበላው ነው» ይባላል፤ ሁልጊዜ ግን ውሃ አይደለም። ከሥራ በኋላ ፈሳሹን አውጥቶ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ አሥር ጊዜ ያህል መርጨት የመርጫውን ዕድሜ ያስረዝማል። ያንጠባጠበ መርጫ በላስቲክ ታስሮ አይጠገንም፤ ይጣላል።

በረኪና ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው እየደከመ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ በማያሳይ ዕቃ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ በውሃ የቀጠነው ደግሞ ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ ይበጥ። (ለመኪናውም ቢሆን ወዳጅ አይደለም፤ ብረቱን ያዝጋል፣ የወንበሩን ጨርቅ ያነጣል።)

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ መርጫ በየቤቱና በየታክሲው ገባ። አልኮሉ አለቀ፣ ዕቃው ቀረ። ላዩ ላይ «ሳኒታይዘር» የሚል ጽሑፍ እንዳለበት የቸርኬ አሲድ ሲሞላበት አስቡት። ያን ጊዜ እጃቸውን እንዲያሹ ያስተማርናቸው ልጆች ናቸው ዛሬም ቤት ውስጥ ያሉት። ጽሑፉን ፍቁት፣ በማይለቅ ቀለም ምን እንዳለበት በአማርኛ በትልቁ ጻፉበት። ማንበብ ለማይችል ልጅና ዓይናቸው ለደከመ አያት ደግሞ ቀይ ፕላስተር ዙሩበት፤ በቤቱ ሁሉ «ቀይ አይነካም» ይባል።

ያገለገለ ዕቃ መግዛትን አልነቅፍም። ቆራሌው ከየቤቱ የሰበሰበው ምናለሽ ተራ ደርሶ ስንት ቤተሰብ ያሳድራል። ነገር ግን ቀድሞ ምን እንደነበረበት ያልታወቀ ዕቃ ለዚህ ሥራ አይገዛም። በረኪና በቀረበት ውስጥ አሲድ ያለው ማጽጃ ቢገባ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ዓይን ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ደረት ይይዛል። ይህ ከተፈጠረ ዕቃውን ለማጠብ አትጎንበሱ፤ ሰዉን ሁሉ ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ደግሞ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለሌላ ሥራ አይውልም።

ከሁሉ የከፋው ሃይላንዱ ነው። በሥራ ዘመኔ ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና ጠጥተው የመጡ ሕፃናትን ተቀብያለሁ። ወላጆቹ ግዴለሾች አልነበሩም። ፈሳሹ የተቀመጠው በውሃ ፕላስቲክ ስለነበር ልጁ ውሃ መሰለው፣ በቃ። የመኪና ማጠቢያ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ለስላሳ ይመስላል። ቁጥር 1 ቻለው አልቻለው፣ ሰው የሚጠጣበት ዕቃ ውስጥ አይገባም።

ደርሶ ከተገኘ፣ ልጁን አታስመልሱት። በረኪናና አሲድ ሲወጡ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥሉታል፤ ነጭ ጋዝ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተት ማርከሻ ነው የሚለው የቆየ ልማዳችን እዚህ አይሠራም፤ በግድ ሲግቱት ማስመለስ ያመጣል፣ ሰዓትም ይበላል። አፉን በውሃ እጠቡለት፣ የነካውን ልብስ አውልቁለት፣ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ፤ መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ዓይኑ ውስጥ ከተረጨ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ሽፋሽፍቱን ከፍታችሁ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ሃያ ደቂቃ እጠቡት። ልጁ ሲያለቅስ አምስት ደቂቃው ሃያ ይመስላል፤ ሰዓት እያያችሁ እጠቡ። ዕቃውንም ከድናችሁ ከነፈሳሹ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ምንድን ነው የጠጣው?» ብሎ ነው።