ባዶው ይስባል፤ ልጆቻችን ይስሙት

የኤሌክትሪክ ሙል የሌላቸው ሁለት ዝርግ ብረቶች፣ አየር በሌለበት ቦታ እጅግ ቢቀራረቡ ይሳሳባሉ። ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ካሲሚር በ1948 እ.ኤ.አ. ይህን በሂሳብ ደረሰበት፤ በ1997 ደግሞ አሜሪካዊው ስቲቭ ላሞሮ ኃይሉን ለካው። ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። «ባዶ ማለት ምንም የሌለበት ነው» የሚል መልስ ሲሰጠኝ ዝም ብዬ የማላልፈው ለዚህ ነው።

ባዶ በምንለው ቦታ የኤሌክትሮማግኔት ሞገዶች ፈጽሞ ጸጥ አይሉም። የእያንዳንዳቸውን ኢነርጂ ያለ ወሰን ብንደምር ግን ድምሩ ማለቂያ የለውም። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሂሳቡ ተበላሸ ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ዋናው ትምህርት ያለው ግን እዚሁ ነው። በምሳሌ ላስረዳ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ከፍታቸውን ከባሕር ወለልም ለካነው ከምድር እምብርት፣ ልዩነቱ ያው ነው። ካሲሚርም ያሰላው ልዩነትን ነው፤ ብረቶቹ ሲቀራረቡ ኢነርጂው ምን ያህል እንደሚቀንስ። እጅግ ከፍተኛ ኢነርጂ ያላቸው ሞገዶች ብረቱን አልፈው ስለሚሄዱ በመሳሳቡ ውስጥ ድርሻ የላቸውም። ስለዚህ ድምሩን በበቂ ከፍተኛ ኢነርጂ ላይ እስከቆረጥነው ድረስ፣ የትም ብንቆርጠው መልሱ አይለወጥም። ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ግፊቱ 16 እጥፍ ይሆናል፤ 10 ናኖሜትር ላይ የአየር ግፊትን ያህላል። ከባዶ የማያልቅ መብራት እናወጣለን የሚሉትን አትመኑ፤ የተጣበቁትን ብረቶች መልሶ ለማለያየት ያገኙትን ኢነርጂ መክፈል ግድ ነው።

ስበት ግን ልዩነት አይበቃውም፤ ጠቅላላውን ይመዝናል። ድምሩን የዛሬው ፊዚክስ ወሰን እስከሆነው እስከ ፕላንክ ኢነርጂ ብንወስደው፣ የጽንፈ ዓለሙ መስፋፋት ከሚያሳየን የባዶ ኢነርጂ 1 ተጽፎ 120 ዜሮዎች በሚከተሉት ቁጥር እጥፍ ያህል ይበልጣል። ይህን እስከ ዛሬ የፈታው የለም።

ለ12ኛ ክፍል ይከብዳል የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። አልስማማም። ልጅ ሁሉም ነገር ተመልሶ ያለቀ ሲመስለው ነው ትምህርቱን የሚሰለቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፤ ቤተ ሙከራ መልሶ ማደራጀት ገንዘብና ዓመታት ይፈልጋል። ለዚህ ትምህርት ግን ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል። የፊዚክስ ፕሮፌሰሩ ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ጊዜ ታስረው ሳሉ እንኳ ለእስረኞች ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህራን በደሴም በኮምቦልቻም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቅዳሜ ትምህርት ይክፈቱ፤ እኛ ልጆቹን ይዘን እንመጣለን።