የተጠርጣሪው ቃልና የመርማሪው ጡጫ

የወንጀል ፊልም በዲላም ይታይ በአዲስ አበባ አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሣል፤ ገዳዩ ማን ነው? መልሱ የሚገኘው በማስረጃ ነው ወይስ በጡጫ? የከያኒው ኅሊና የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው። መርማሪው ተጠርጣሪውን በጥፊ አጋድሞ «እመን!» ሲል አዳራሹ ቢያጨበጭብ፣ ጭብጨባው ለጉልበት እንጂ ለፍትሕ አይደለም። ተጠርጣሪው ቢያምን እንኳ የታወቀው የመርማሪው ክንድ ብርታት እንጂ የሟቹ ገዳይ አይደለም።

ሕጉ ይህን ከከያኒው ቀድሞ ተረድቶታል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 31 ፖሊስ በማስፈራራትም ሆነ በማባበል ቃል እንዳይቀበል ከልክሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የእምነት ቃል ለመስጠት እንደማይገደድ ደንግጓል። ይሁን እንጂ አንቀጽ ብቻውን ጡጫን አያስቆምም። «ወፌ ላላ»ን በገላው የሚያስታውስ ትውልድ ዛሬም በሕይወት አለ፤ በዚህ ትውልድ ፊት ግርፋትን መዝናኛ ማድረግ ነውር ነው።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2006 ዓ.ም. ያቀረበው «ድፍረት» ሌላ መንገድ መኖሩን ይመሰክራል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከደረሰ እውነተኛ ታሪክ የተወሰደ ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ተጠልፋና ተደፍራ፣ ስታመልጥ ጠላፊዋን በጥይት ትገድላለች። ገዳይዋ ከመጀመሪያው ትታወቃለች፤ ሊመረመር የሚገባው የመርማሪዎቿ ልብ ነው። ሕግ አስከባሪዎቹ ፍርዱን አስቀድመው ጥያቄውን ያስከትላሉ፤ የመንደሩ ሽማግሌዎችም ልጅቷ በሌለችበት ስለ ልጅቷ ይመክራሉ። ይህ የጥቂት ክፉዎች ጠባይ ብቻ አልነበረም፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው።

«ያለ ጥፊ ተመልካች አይገኝም» የሚሉ አሉ። «ድፍረት» በሰንዳንስም በበርሊንም የተሸለመው በተመልካች ድምፅ መሆኑ መልስ ይሆናቸዋል።

የጌዴኦ ከያኒ ደግሞ ከደጁ የሚማረው አለ። በሶንጎ ጉዳይ የሚታየው በጉባኤ፣ ሰው እየሰማ ነው፤ የምርመራ ክፍል በር ግን ዝግ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ለአንድ ታላቅ ፊልም ይበቃል። ካሜራው ሶንጎውን ከእንሰትና ከቡና ጥላ ሥር ለጌጥ ብቻ ካነሣው ግን ከንቱ ነው፤ በዚያ ጉባኤ ሴቲቱ የምትናገረው መቼ ነው ብሎም ይጠይቅ።

እንግዲህ ደራሲው ብርሃኑን ከተጠርጣሪው ፊት አንሥቶ ወደ መርማሪው ያዙር። መምህሩም ከትርኢቱ በኋላ ተማሪዎቹን «ገዳዩ ማን ነበር?» ብቻ ሳይሆን «በምን ታወቀ?» ብሎ ይጠይቃቸው። ይህን ጥያቄ የለመደ ትውልድ ለጡጫ አያጨበጭብም።