የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያገሩንም ጉዳይ ያስነብብ





በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ መከፈታቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከዋናው ከተማ ርቆ ለሚኖረው ሕዝብ የሚያስፈልገው የትምህርት መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ስለሚኖርበት ክልልና ወረዳም ሊያውቅ ይገባዋል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይናገራል። የፌዴራሉ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ፣ የአማራ ክልል በዝክረ ሕግ፣ የኦሮሚያ በመገለታ ኦሮሚያ ታትሞ ይወጣል። ታዲያ ባላገሩ እነዚህን ከወዴት አግኝቶ ያንብብ? አላወቅሁም ቢል የማይሰማለት ከሆነ፥ የሚያውቅበትን ስፍራ ማዘጋጀት ተገቢ አይደለምን?

እኔ በማስተምርበት ከተማ ተማሪዎቼ ስለ ወረዳቸው የሕዝብ ብዛት ጽፈው እንዲያመጡ ባዘዝኋቸው ጊዜ፥ ከቤተ መጻሕፍቱ ስለ ባዕድ አገር ወንዞችና ተራሮች የሚናገር መጽሐፍ ሲያገኙ፥ ስለ ወረዳቸው ግን አንድ ገጽ እንኳ አጥተው ተመለሱ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት በየክልሉ ተለይቶ የታተመ ነው። የጠፋው ወረቀቱ ሳይሆን ከመደርደሪያው ላይ የሚያኖረው ሰው ነው።

ሁሉም በኢንተርኔት ይገኛል የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ፊደል ላልቆጠረ ሽማግሌ፣ ስልክም ለሌላት እናት አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ የሚያወጣውን ደንብ፣ የአገልግሎት ክፍያ ዝርዝርና ማስታወቂያ አንድ አንድ ቅጂ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ቢልክ፥ ቤተ መጻሕፍቱም ለብቻው ለይቶ ቢያኖረውና ለጠያቂ የሚመልስ አንድ ሠራተኛ ቢመድብ፥ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ባለጉዳዩ የትኛውን ማስረጃ ይዞ ወደ የትኛው ቢሮ እንደሚቀርብ አስቀድሞ ስለሚያውቅ የእርሻ ቀኑንና የመንገድ ገንዘቡን በከንቱ አያጠፋም፤ ያንኑ ቃል ከጧት እስከ ማታ ሲደጋግም የሚውለው የመንግሥት ሠራተኛም ዕረፍት ያገኛል።

ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነውና፥ የወረዳውን ጥያቄ የወረዳው ቤተ መጻሕፍት እንዲመልስ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ያስቡበት ዘንድ አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር